ድንጋይ ተብሎ የተነበበው ቃል

ሰኔ ፳፬ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለመተማ ወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሹም
መተማ

ጉዳዩ፦ በእኔ ቃል የታሰሩት ፈቂ በሽር እንዲፈቱልኝ፥ የበሽታ ማስታወቂያም ትርጉሙ ለሹሙ ሳይነገር እንዳይታወጅ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፤

እኔ አመልካች በሽንፋ መንገድ ላይ ያለችው መንደር ጭቃ ሹም ነኝ። ፊደል አልቈጠርሁም። ይህን ማመልከቻ በቃሌ ያጻፍሁት በገበያው ጸሐፊ ነው፤ እርሱን ስለማላምነው ለአንድ ዲያቆን ሰጥቼ አስነብቤአለሁ። ዲያቆኑንም ስላላመንሁት ለሦስተኛ ሰው አስነበብሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ስላነበቡ ጣቴን አኑሬበታለሁ። እንዲህ የምጠረጥርበት ምክንያት ከዚህ በታች ይታያል።

፩. ጣሊያን መተማን በለቀቀ በሦስተኛው ወር፥ በሚያዝያ፥ የፈንጣጣ ሐኪሞች በሱዳን ወሰን በገላባት በኩል ድንኳን ተክለው ለየመንደሩ ሹም በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት ላኩ። በእኛ መንደር ዓረብኛ የሚያነቡት የነጋዴዎቹን ልጆች ቁርአን የሚያስተምሩት ፈቂ በሽር ብቻ ናቸው። አነበቡት፤ ግራ ገብቷቸው ደግመው አነበቡት። «አዛናው፥ ‹ሐጀር በበሽተኛው ላይ፥ ሃያ አንድ ቀን› ይላል። ሐጀር ድንጋይ ነው። ነገሩ አልገባኝም፤ ገላባት ወርደህ ጠይቅ እንጂ እንዳታውጀው» አሉኝ። እኔ ግን ሹም ሆኜ የወረቀት ፍቺ ልመና መውረዱ አሳፈረኝ። «ገብቶኛል» አልኋቸው። አልገባኝም ነበር።

፪. በቅዳሜ ገበያ «ድንጋይ በበሽተኛው ላይ፥ ሃያ አንድ ቀን!» ብዬ አወጅሁ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ጣሊያን የሚያቃጥለውን ቤት አስቀድሞ በኖራ ምልክት ያደርግበት ነበር። ያንን ያየ ሰው ስለ ድንጋይ ሲሰማ በሽተኛው በድንጋይ ሊገደል ነው ብሎ እንደሚያስብ መገመት አያቅትም። ገበያው ሳይሞቅ ተበተነ። ከዚያ ወዲያ በመንደሬ በሽተኛ የለም ተባለ፤ ሁሉም በጎተራና በሰሊጥ ማሳ ዳስ ውስጥ ሸሸገው፤ እስከ ገለጉ ወደ አማቶቹ ያሻገረም አለ።

፫. እኔም ሸሽጌአለሁ። ልጄ ፋናዬ አተኵሷት ፊቷ ላይ ሲወጣባት፥ አዋጅ ነጋሪው እኔ በአህያ ጭኜ፥ የማሽላ አገዳ አልብሼ ሽንፋ ወዳለችው እኅቴ ወደ አሰበች ወሰድኋት። እኅቴን «ወባ ነው፤ የፊቷም የትኵሳት ሽፍታ ነው» አልኋት። ፋናዬ ፊቷ ተበሳስቶ ዳነች። የእኅቴ ልጆች ደምለውና መስከረም ግን በግንቦት መጨረሻ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞቱ።

፬. የድንጋዩን ወሬ ማን እንደ ነዛ ከጽሕፈት ቤትዎ ስጠየቅ «በሽር ያነበቡትን ነው ያወጅሁት» አልሁ። «እንዳታውጀው» ያሉኝን ቆርጬ አስቀረሁ። በእውነቱ ሆን ብለው አጣመው ያነበቡ መስሎኝ ነበር፤ እንዲመስለኝም ፈልጌ ነበር። ሰኔ ፫ ቀን ታሰሩ። ዛሬ ሃያ አንድ ቀናቸው ነው። ለበሽተኛው የተባለውን ቀን ጤነኛው ሰው በእስር ፈጸሙት።

፭. እርሳቸው ከታሰሩ በኋላ ለክትባት ገላባት ወርጄ፥ በድንኳኑ ለምታስተረጕም ረቢዓ ለምትባል ሴት ወረቀቱን አሳየሁ። ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወችና «ጋሼ፥ ሐጀር አይደለም፥ ሐጅር ነው እንጂ! በዓረብኛ ሲጻፍ ፊደሉ አንድ ነው። በሽተኛውን ከሰው ለይታችሁ አስቀምጡ ማለት ነው። በታመመ ሰው ላይ ማን ድንጋይ ይጭናል?» አለችኝ። እርሷንም ጠርጥሬ በዚያው ድንኳን ሁለት ሰው ጠየቅሁ፤ እንደ እርሷው ተናገሩ። አባቶቻችን ፈንጣጣ ሲገባ ጎጆ ቀልሰው በሽተኛውን ይለዩት ነበር፤ እህል የሚያቀብለውም ታሞ የዳነ ሰው ነበር። ወረቀቱ የሚለው የማውቀውን ነገር ኖሯል። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ፈቂ በሽር እንዲፈቱልኝ እለምናለሁ። በስፍራቸው የሚታሰር ሰው ካስፈለገ አድራሻዬ ይታወቃል። ይህን የምለው ደግ ሆኜ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ሰኔ ፲፯ ቀን ሌላ የዓረብኛ ወረቀት መጥቶልኛል። ክረምቱ ስለ ገባ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ የሚያነብልኝም ያሳሰርሁት ሰው ነው። በመንደሬ ሦስት በሽተኞች አሉ። በአባቶቼ ልማድ ለይቼ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ወረቀቱ ከዚህ ሌላ ምን እንደሚያዝ አላውቅም፥ ሳላውቅም አላውጅም። ወደ ፊት ለእኛ ለሹሞች ትርጉሙ በቃል ተነግሮን፥ መልሰን እንድንናገረው ተደርጎ፥ ከዚያ ወዲያ ይታወጅ። ያልገባው ሹምም አልገባኝም በማለቱ አይናቅ።

ከገላባት በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን ለእኅቴ የበሽታውንና የቃሉን እውነት ልነግራት ሽንፋ ሄጄ ነበር። ሰምታ ወደ ወንዙ ወረደች። በማግስቱ ተመልሼ ብሄድ ከወንዙ የለቀመችውን ድንጋይ በደጇ ደርድራ ከወዲያ ቆማለች። «ሐጀር ይኸውልህ፤ ያንተ ግን ሃያ አንድ ቀን የለውም» አለችኝ።

ለዚህ የሚሰጠኝ መልስ በአማርኛ እንዲሆን፥ ሲነበብልኝም ሁለት ምስክር እንዲቆም እየለመንሁ፥

ከእጅ መንሻ ሳይሆን ከእውነተኛ ሰላምታ ጋር፤

ጭቃ ሹም አዛናው ፈረደ
(የጣት አሻራ)