ጁምዓ ቀን ከኋላዬ ስለታዩት “ተባባሪዎች”

ቀን፦ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድኅረ ምረቃ የኦንላይን ትምህርት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኩረጃ ተጠርጥሮ የተሰረዘብኝ የሒሳብ ማስተርስ የመጨረሻ ፈተና እንዲታረምልኝ ስለማመልከት

የተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ይገረም ሀብተ ወልድ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን በተከፈተው የኦንላይን ማስተርስ ፕሮግራም ስማር ቆይቼ የቀረኝ አንድ ፈተና ብቻ ነበር። እሱንም ዓርብ ሐምሌ 11 ቀን ከተፈተንኩ በኋላ በጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ተሰርዞብኛል። ደብዳቤው “ከተፈታኙ ጀርባ ከአሥር የማያንሱ ያልታወቁ ተባባሪዎች በአንድነት ብቅ ጥልቅ እያሉ ምልክት ሲሰጡ ታይተዋል” ይላል። ሰዎቹ መታየታቸው እውነት ነው። ብቅ ጥልቅ ማለታቸውም እውነት ነው። ምልክት ግን አልሰጡኝም፤ እየሰገዱ ነበር። ዝርዝሩን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. የፈተናው መመሪያ ጸጥ ያለ፣ ኢንተርኔት የማይቆራረጥበትና ከተፈታኙ በቀር ሰው የሌለበት ክፍል ይጠይቃል። መመሪያውን ያዘጋጁት ሰዎች መርካቶ ኖረው የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ የምኖረው ጭድ ተራ አካባቢ በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ከባለቤቴ ከወ/ሮ ፍቅርአዲስና ጥርስ በማብቀል ላይ ካለች ልጃችን ጋር ነው። ልጅቱ መመሪያ አታከብርም። ስለዚህ የአባቴ ወዳጅ የነበሩት ጋሼ ሙህዲን፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ ያለውን የብርድ ልብስ ሱቃቸውን ሰጡኝ። ከወለል እስከ ጣሪያ ብርድ ልብስ የተደረደረበት ቤት ድምፅ ይውጣል፤ ኢንተርኔቱም ከእኔ ቤት ይሻላል።

2. ከቀረቡልኝ ሰዓቶች የጁምዓ ሰላት ሰዓትን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ያን ጊዜ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ጋሪ ይቆማል፣ ተሸካሚውም “ዞር በል!” ማለቱን ይተዋል። ሰጋጁ መስጊዱን ሞልቶ አስፋልቱን እንደሚሞላ፣ ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር ነውና አሳምሬ አውቃለሁ። ያላሰብኩት ዝናቡን ነው። ሐምሌ መሆኑን መርሳት ከሒሳብ መምህር አይጠበቅም፤ ይህንን ባለቤቴ ደጋግማ ነግራኛለች።

3. ጋሼ ሙህዲን አየርና ብርሃን እንዲገባልኝ መዝጊያውን እስከ ግማሽ ብቻ አውርደው ሊሰግዱ ወጡ። ሰላቱ ሊጀመር ሲል ዶፉ ወረደ። በሰፈራችን በዝናብ ቀን ሰጋጅ የሚመልስ ሱቅ የለም፤ ዕቃ ይገፋል፣ ቦታ ይለቀቃል። ጋሼ ሙህዲንም እንደ ወጉ መንገድ ላይ የነበሩትን ሰዎች ይዘው ገቡና ሁለት ረድፍ ሆነው ቆሙ። ለእኔም በሹክሹክታ፣ “አንተ ሥራህን ሥራ ልጄ፣ እኛ አንረብሽህም” አሉኝ። እውነትም አልረበሹኝም። የረበሸኝ ኮምፒውተሩ ነው፤ “በክፍሉ ውስጥ ብቻዎን መሆንዎን ያረጋግጡ” እያለ በቀይ ይጽፍብኝ ነበር። ምን ብዬ ላረጋግጥ?

4. ተነስቼ ለምን እንዳልወጣሁ ሊጠይቁኝ ይችላሉ። በሚሰግድ ሰው ፊት ማለፍ ነውር ነው፤ በእናንተ መመሪያ ደግሞ ከወንበር የተነሳ ፈተናው ይሰረዝበታል። ሁለቱ ሕጎች በአንድ ነገር ተስማምተው ያየሁት ያን ቀን ነው። ውጡልኝ እንዳልል መናገር ተከልክሏል፤ ባይከለከልም አልልም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ይሁን እንጂ አባቴ ያረፈ ጊዜ ጋሼ ሙህዲን ሱቃቸውን ዘግተው ከዕድራችን ሰዎች ጋር ድንኳን ሲተክሉ የዋሉ ሰው ናቸው።

5. ጠረጴዛዬ ሰጋጅ ፊቱን በሚያዞርበት በቂብላ አቅጣጫ ስለነበር ረድፉ በሙሉ ፊቱን ወደ ጀርባዬ አድርጎ ቆሟል። ደብዳቤዎ የኮምፒውተሩን ካሜራ ጠቅሶ ሰዎቹ ስክሪኔን ያነቡ ነበር ይላል። ሆኖም ሰጋጅ ዓይኑን የሚጥለው ግንባሩ በሚያርፍበት ቦታ ነው። “በአንድነት ጠፍተው በአንድነት ተመለሱ” የተባለውም ሩኩዕና ሱጁድ፣ ማለትም በሰላት ውስጥ ማጎንበስና ግንባርን መሬት ማስነካት ነው። ደብዳቤውን ሳነብላቸው ጋሼ ሙህዲን “ተባባሪ” የሚለው ላይ አስቆሙኝና፣ “ወላሂ ይገረም፣ እኔ ያንተን ኤክስና ዋይ ከየት አውቄ ነው የምነግርህ? እሱም ሰላት ላይ ሆኜ! ጻፍላቸው፣ መጥቼ እመሰክራለሁ” ብለውኛል። ይኸው ጽፌያለሁ።

6. ነገሩን ፈገግ እያልኩ የምጽፈው ቀልሎኝ አይደለም። ደብዳቤዎ በግልባጭ ለትምህርት ቤቴ ደርሷል። እኔ ደግሞ ኩረጃ በመያዝ የታወቅኩ፣ ተማሪዎች “ራዳር” የሚሉኝ መምህር ነኝ። በክረምቱ ማጠናከሪያ ክፍል ማሂራ የምትባል ጎበዝ ተማሪዬ፣ “ቲቸር፣ እርስዎንም ያዙዎት?” ስትለኝ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ደብዳቤውን አውጥቼ ደጋግሜ አነበብኩት። ከእንግዲህ በየትኛው ፊቴ ነው የልጅ ወረቀት የምቀማው?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት ግን ብዙ ሳያድር እንዲጠራ እፈልጋለሁ፤ መስከረም ሲጠባ እዚያው ክፍል ፊት እቆማለሁና። ስለዚህ ስረዛው ተነስቶ ወረቀቴ እንዲታረምልኝ፣ ኩረጃ የሚለው ቃልም ለትምህርት ቤቴ በሚጻፍ ደብዳቤ እንዲነሳልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ፣ በመረጣችሁት ቦታና ሰዓት በቃል ፈትኑኝ፤ ዝናብም ቢዘንብ እመጣለሁ።

ወረቀቴን እስካሁን ማንም እንዳልከፈተው ሰምቻለሁ። ሲከፈት ተራ ቁጥር አራትን እዩልኝ። እዚያ የጻፍኩት ማረጋገጫ ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ስህተት ነው፤ ይህንንም ያወቅኩት አስረክቤ እንደጨረስኩ፣ እዚያው ብርድ ልብሱ መሃል ተቀምጬ ነው። አሥር ተባባሪ ያለው ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ስህተቱ የራሴ ነው፤ ሌላው የጻፍኩትም የራሴ ነው። ታርሞ ብወድቅ ቅር አይለኝም። በራሴ ስህተት ልውደቅ እንጂ በሰው ጸሎት አልውደቅ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ይገረም ሀብተ ወልድ
የሒሳብ መምህር

ግልባጭ፦
ለማስተምርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር