ጥቁሯንና ወርቃማውን ንብ ያጋቡት የመምህር ታሪኩ ሉቃስ የሕይወት ታሪክ

መምህር ታሪኩ ከአባታቸው ከአቶ ሉቃስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ በ1955 ዓ.ም. ከጂንካ ወጣ ብላ በምትገኝ የአሪ መንደር ተወለዱ። ባደጉበት አገር ቀፎ በየዛፉ ይሰቀላል፤ እርሳቸው የወደዷት ግን ማር የማትሰጠውን፣ እንጨት ሰርስራ የምትኖረውን ትልቋን ንብ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ሆኑ። በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ አየለች ገብረ ማርያም ጋር ትዳር መሥርተው ሄለንንና ሙሉቀንን ወለዱ። ሰው ሁሉ ጢንዚዛ የሚላትን፣ ንብ መሆኗን ተከራክረው ያሳመኑ እርሳቸው ናቸው፤ ክርክር ከያዙ ደግሞ የሚበገሩ አልነበሩም። ጥቁሯንና ወርቃማውን በየጠርሙሱ ለያይተው፣ ሁለት ዝርያ እንደሆኑ ለዓመታት አስተማሩ። ቤት የምትበሳው ጥቁሯ ናት፣ ወርቃማው ከደሙ ንጹሕ ነው ይሉ ነበር።

ይህን ያመኑት ባለቤታቸው በ1997 ዓ.ም. የበረንዳውን ቋሚዎች ቀዳዳ በጭቃ ደፍነው ጥቁሮቹን ጨረሷቸው። በዓመቱ ወርቃማዎቹም ጠፉ። አበባውን የሚያዳቅሉለት እነዚህ ንቦች ነበሩና፣ የወይዘሮ አየለች መመኪያ የነበረው የጓሮው ፓሽን ፍሩት አበባውን አርግፎ ያለ ፍሬ ቀረ። መምህር ታሪኩ ግራ ገባቸው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላምና፣ ከቀይ አፈር ከተማ ለማገዶ የመጣ ግንድ ሲሰነጥቁ ከአንድ ጎሬ ጥቁሮችም ወርቃማዎችም ወጡ። ለካ ሴትና ወንድ ናቸው!

ወይዘሮ አየለች፣ “ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርከውን አሁን ብታፈርሰው ማን ያምንሃል?” ብለው ለመኗቸው። እርሳቸው ግን በማግስቱ ክፍል ገብተው፣ “የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ባልና ሚስት አለያይቻለሁ” አሉ። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቃላቸው ይበልጥ ታመነ። ሌላ ግንድ ከነንቦቹ አምጥተው ከፓሽን ፍሩቱ ሐረግ አጠገብ አኖሩ፤ ሐረጉም አፈራ። ወይዘሮ አየለች ግን ግንዱን፣ “አንድ ቀን እማግድሃለሁ” እያሉ ሲዝቱበት ኖሩ።

መምህር ታሪኩ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን የወንድሞቻቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል፤ በጣም ይናፍቁናል። ድንኳን ሊተክሉ የመጡ ጎረቤቶች ግንዱን ሊያነሡ ሲሉ ወይዘሮ አየለች ከለቅሶው መካከል ተነሥተው፣ “እሱን አትንኩት። የታሪኩ ቤተሰብ አለበት” አሉ። ድንኳኑ ግንዱን በቦታው ትቶ ተተከለ።

የፈጠረውን ሁሉ በየወገኑ የሚያውቅ ጌታ፣ የመምህራችንን ነፍስ ከወዳጆቹ ወገን ያኑርልን።