ፈረሶቹ ብዙ ናቸው

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ዛሬም ሲኒማ ቤታችን ባዶውን ዋለ። ያ ሁሉ ሠራዊትና መርከብ የተሰለፈበት የአሜሪካ ፊልም ከመጣ ሳምንት ሆነው፤ የፊት ወንበሮች እንኳ አልሞሉም። ባለቤቱ «ምን ጎድሎት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሥራ አስኪያጁ የትኬት ጉርዶቹን ደግሜ ቆጠርኩ። ባለፈው ወር ያሳየነው የህንድ ፊልም አርጅቶ በየመሀሉ እየተቆረጠ ነበር፤ ሰልፉ ግን እስከ መሳለሚያ ይደርስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሱሪዬን ላሳጥር ሶማሌ ተራ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ፣ ለጎረቤታቸው ለበርበሬ ነጋዴዋ ያንኑ የህንድ ፊልም ይተርካሉ። እናትየዋ ልጇ መሆኑን ሳታውቅ ለእስረኛው ስንቅ ስታመላልስለት የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ፊልሙ ላይ ስንቅ የሚባል ነገር የለም። መርካቶ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የተጨመረ መሆን አለበት።

«ጋሼ፣ መቼ ገብተው አዩት?» አልኳቸው።

«እኔ የት አየሁት? ሲኒማ ቤት ረግጬም አላውቅ። ሰው ነው ያወራልኝ።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ቀና አሉ። «ይሄ አሁን የመጣላችሁስ ስለ ምንድን ነው?»

አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። ትንሽ አሰብኩ።

«ፈረሶቹ ብዙ ናቸው» አልኳቸው።

ሁለቱም ቀጥሎ የምለውን ጠበቁ። ኋላ ጋሽ ሰይድ ወደ ሱሪዬ ተመለሱ።