ሁለት ዓይናቸውን ገልጠው ወፍ ያነሡ የነበሩት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ጥር 9 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበሩ። ዛሬ ከስድስቱ በሕይወት ያሉት እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት ታናሽ እኅታቸው፣ አክስታችን፣ ብቻ ናቸው። ይህን የጻፍኩት ሴት ልጃቸው ነኝ። እንደ ወጉ ራሴን "ልጃቸው" እያልኩ እጠራለሁ፤ እስከቻልኩ ድረስ። አክስታችን ጽሑፉ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ፣ "ያ ቀን"ም እንዳይነሣ አደራ ብለውኝ ነበር። ሁለቱንም አልጠበቅኩም፤ ይቅር ይበሉኝ። ስለዚያ ቀን በዚህ ከተማ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ሲወራ የኖረው እውነት አይደለም። አባታችን አፈር ከመልበሳቸው በፊት መታረም አለበት።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለዋል። በስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬታቸው ላይ የክፍል ኃላፊያቸው "ልጁ ጎበዝ ነው፤ መስኮት አጠገብ ግን አይቀመጥ" ብለው ጽፈዋል። አዋላጇ አያታችን ይህን ሰርተፍኬት እስኪሞቱ ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወጡ ያሳዩ ነበር። አናጢው አያታችን ከጣሪያ ላይ ወድቀው ሲያልፉ አባታችን ትምህርታቸውን አቋርጠው ገበያው አጠገብ ባለ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። ፊልም ማጠብን፣ ፎቶ ማተምን፣ የደንበኛን አገጭ በሁለት ጣት ቀና ማድረግን የተማሩት እዚያ ነው።

በ1964 ዓ.ም. የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። አንድ ክፍል ነበር። ከፊት ደረጃና የአበባ ማስቀመጫ የተሳለበት ሸራ፣ አንድ እግሩ አጥሮ ካርቶን የተደገፈ በርጩማ፣ ማበጠሪያ በክር የታሰረበት መስታወት ነበረው። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ቀይ አምፖል ያለው ጨለማ ክፍል። ያንን ክፍል ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የያዙት ዛሬም አብረውን ያሉት የሥራ ባልደረባቸው፣ ፊልም አጣቢው፣ ናቸው። እንጀራቸው ጉርድ ፎቶ ነበር፤ ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለፈተና። ቀኑን ሙሉ ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል "አትነቃነቁ" ስለነበር ከተማው ስማቸውን ትቶ አቶ አትነቃነቁ አላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው እንዳይነቃነቅ ሲለምኑ ከርመው፣ እሑድ ለአፍታ እንኳ የማይቆም ነገር ፍለጋ ሐይቅ ዳር ይወርዱ ነበር። የሚያውቋቸው በዚህ ይሥቁባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይሥቁ ነበር።

የሚያነሡት የዱር ወፍ ነው፤ እሱንም በበረራ ላይ ብቻ። ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠ ወፍ ለእሳቸው ጉርድ ፎቶ ነው። በዚያ ዘመን ካሜራ ራሱ አያነጣጥርም፤ ሁሉም በእጅ ነው። ከአንድ ፊልም ውስጥ አንድ ጥርት ያለ ክንፍ ከተገኘ ፊልም አጣቢው እያፏጩ ከጨለማው ክፍል ይወጡ ነበር። አባታችን እንደ ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች ግራ ዓይናቸውን አይጨፍኑም። ቀኝ ዓይን ለወፏ፣ ግራ ዓይን ለቀረው ዓለም ነው ይሉ ነበር። ግራው ከየት እንደምትመጣ ያያል፣ ቀኙ ይቀበላታል። ካሜራው ቀጭ ካለ በኋላም እጃቸው ወፏን መከተሉን አያቆምም፤ እጅ ቀድሞ ከቆመ ክንፉ ይደበዝዛል። ይህን ሁሉ ለልጃቸው ፊልም የሌለው ካሜራ አስይዘው አስተምረዋታል።

በ1967 ዓ.ም. ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። እናታችን ለመታወቂያ ሊነሡ መጥተው፣ ፎቶው ተበላሸ እየተባሉ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ሦስቱም ፎቶዎች ጥርት ብለው ወጥተው እንደነበር ፊልም አጣቢው የመሰከሩት በሠርጉ ቀን ነው። በ1969 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን፣ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ሁላችንም ማሙሽ የምንለውን ወንድ ልጃቸውን ወለዱ።

የእሑድ ጠዋት ወፍ ማንሣት የቤተሰብ ሥራ ነበር። የዱር ዳክዬዎቹ ሸምበቆው ውስጥ አድፍጠው ስለሚያረፍዱ የሚያስነሣቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ልጃቸው ነበረች። እሷ ውሃው ዳር ትቆማለች፣ አባታችን ከኋላዋ ጥቂት እርምጃ ርቀው ካሜራቸውን ያዘጋጃሉ። "አሁን" ሲሉ እጆቿን ከራሷ በላይ አንሥታ ታጨበጭባለች፣ ወፎቹም ግር ብለው ይነሣሉ። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ሥራ ያለ አይመስላትም ነበር።

ኅዳር 12 ቀን 1980 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ማሙሽ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ካልሄድኩ ብሎ አልቅሶ ነው የተወሰደው። እናታችን ቀዩን ሹራብ አልብሰውት፣ ደጃፍ ላይ እጁን በእኅቱ እጅ ውስጥ አስቀመጡና "እንዳትለቂው" አሏት። እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

ከተማው የሚያውቀው እንዲህ ነው፦ አቶ አትነቃነቁ ሴት ልጃቸውን የተረሳ ቦርሳ እንድታመጣ ላኳት፤ ወፎቹ ሲነሡ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ተከተሏቸው፤ ትንሹ ልጅ በግራቸው በኩል ውሃ ውስጥ ገብቶ ሰጠመ። ይህን ያወራው ሌላ ሰው አይደለም፤ አባታችን ራሳቸው ናቸው። ለእናታችን፣ ለፖሊስ ጣቢያው መዝጋቢ፣ ሊያስተዛዝን ለመጣ ሰው ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳይለውጡ ተናገሩት። ሰውም አመናቸው። ለወፍ ሲል ልጁን የበላ አባት ተባሉ፤ አንድ ቀን እንኳ አልተከላከሉም።

ቦርሳው አልተረሳም፤ ትከሻቸው ላይ ነበር። ልጃቸው የትም አልተላከችም። የማሙሽን እጅ ይዛ ውሃው ዳር ቆማ ነበር። አባታችን "አሁን" ሲሉ ለማጨብጨብ እጁን ለቀቀች። ወፎቹ ተነሡ። ያን ያህል ብዙ ተነሥተው አያውቁም ነበር፤ ሰማዩን ሞሉት፤ እሷም አንገቷን አቅንታ እስኪርቁ አየቻቸው። ዓይኗን ስትመልስ ማሙሽ አጠገቧ አልነበረም። ሸምበቆው ሥር ውሃው ጥልቅ ነበር። አባታችን ካሜራውን ሣሩ ላይ ወርውረው ገቡ፤ ሲያወጡት ግን ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ማሙሽን ታቅፈው፣ ልብሳቸው ውሃ እያንጠባጠበ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ መታጠፊያው ላይ ቆም ብለው ልጃቸውን እንዲህ አሏት፦ "ቦርሳ ልኬሽ ነበር። ስትመለሺ ነው ያየሽው። ሌላ ምንም አታውቂም።" ልጃቸው እሺ አለች። እሺ እንዳለች ቀረች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናታችን አባታችንን አላናገሩም። ቤታቸውን ጥለው አልሄዱም፣ ምሳ አላጓደሉም፣ ሸሚዛቸውን መተኮስም አልተዉም። ብቻ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ "አባትሽን ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው በይው" ይሉ ነበር። ልጃቸውም ዞር ብላ "አባዬ፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው" ትላለች። አባታችን "እሺ በያት" ይላሉ። እሷም ትላቸዋለች። ሌላ ሰው ቢያየን በሣቅ ይሞት ነበር። ልጃቸው አግብታ ከቤት ስትወጣ መልእክቱ ቁም ሣጥኑ በር ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ሆነ።

የሁለት ሰው ቃል ታመላልስ የነበረችው ልጅ የራሷን አንድ ቃል ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ዋጠች። እናታችንን ጓዳ ጠርታ "እጁን የለቀቅኩት እኔ ነኝ" ብትል ይበቃ ነበር። መጀመሪያ ፈራች። ከዚያ የራሷን ልጅ ወለደችና ይበልጥ ፈራች። በ2004 ዓ.ም. እናታችን ሲያርፉ የመጨረሻ ቃላቸው "አባትሽን በርዶታል፣ ሹራብ ይደርብ በይው" የሚል ነበር። አባታችን አልጋው ጫፍ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ተነሥተው ሹራባቸውን ደረቡ። ሲመለሱ እናታችን አልፈዋል።

አባታችን ከማሙሽ በኋላ ካሜራ ወደ ሰማይ አላነሡም። ጉርድ ፎቶ እያነሡ ቆይተው፣ ሰው ሁሉ በእጅ ስልኩ ራሱን ማንሣት ሲጀምር በ2009 ዓ.ም. ፎቶ ቤቱን ዘጉ። የወፍ ፎቶዎቻቸውን አንድ ቀን ጠዋት ጓሮ፣ በርሜል ውስጥ አቃጠሏቸው። ለልጃቸው አንዱን እንኳ አላስቀሩላትም፤ አልለመነቻቸውምም።

በ2014 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን ጋር እየታሰሩ ሁለት ዓመት ታገሡ። የሆስፒታሉ አልጋ መስኮት ዳር ነበር፤ የክፍል ኃላፊያቸው ቢያዩ አይፈቅዱም ነበር። ከውጭ ወፍ ሲያልፍ የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ብርድ ልብሱ ላይ ትንቀሳቀስ ነበር፤ እጃቸውም ወፏን ተከትሎ ትንሽ ይሄድ ነበር። ልጃቸው ይህን ባየች በሦስተኛው ቀን ድፍረት አገኘች።

"አባዬ፣ እጁን የለቀቅኩት እኔ ነኝ" አለቻቸው።

"ቦርሳ ልኬሽ ነበር።"

"ቦርሳው ትከሻህ ላይ ነበር።"

"ልኬሽ ነበር አልኩሽ እኮ" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ስለ መድኃኒት ብቻ ነው። ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ በሰባት ሰዓት፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ትናንት ፊልም አጣቢው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ቤት መጡ። አባታችን እንዲያቃጥሉት አዘዋቸው ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊልም ሲያጥቡ ለኖሩ ሰው ፊልም ማቃጠል አልሆነላቸውም። የዚያ እሑድ ፊልም ነው። ከማሙሽ ቀብር በኋላ ባለው ሳምንት አባታችን ጨለማ ክፍሉን ከውስጥ ቆልፈው ብቻቸውን አጥበውታል፤ ፊልም አጣቢው በዚያ ሁሉ ዘመን በር የተዘጋባቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ፊልሙን መስኮት ላይ ይዤ አየሁት። የመጨረሻው ፎቶ ላይ ወፎቹ አሉ። የእያንዳንዳቸው ክንፍ ጥርት ብሏል፤ አባታችን በሕይወታቸው ካነሡት ሁሉ ይበልጣል። የታችኛው ጠርዝ ግን የለም። ፊልም ላይ መቀስ ያሳረፈን ሠራተኛ ከሥራ ያባርሩ የነበሩ ሰው፣ ያንን ፎቶ ከሥሩ፣ ከፊልሙ የጎን ቀዳዳዎች ጋር ቆርጠው ጥለውታል። እዚያ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። ከራሴ በላይ የተነሡ ሁለት እጆቼ ነበሩ፤ ሁለቱም ባዶ። አባታችን አይተዋቸዋል። እናታችን እንዳያዩአቸው ቆረጧቸው።

ግራ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። እሳቸው ዓይን ሊጨፍኑ አይችሉም ነበር። ይህን የምናገረው ይቅር እንድትሉኝ አይደለም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት ሦስቱም ሄደዋል። የአባቴ ስም ብቻ ይመለስልኝ።

አባታችን አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እኅትና አንድ የዕድሜ ልክ ባልደረባ ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከማሙሽና ከእናታችን ጎን ያሳርፍልን። እናታችንም አሁን ሁሉንም ስላወቁ፣ እዚያ እኔን ሳይልኩ፣ ራሳቸው ያናግሯቸው።