ጨው የበዛበት እሑድ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሎሬዳና፣ ብራስልስ

እንደምን ከርመሻል? ባልሽና ትንሿ ልጅሽስ ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ቦሎኛ ብርዱ ለቀቅ አድርጎናል፤ ምግብ ቤታችንም እሑድ እሑድ ወንበር አይተርፈውም።

ባለፈው እሑድ አባትሽ ሥጋ የተሞላውን ሊጥ ለምንቀቅልበት ለቶርቴሊኒው ሾርባ ሦስት ጊዜ ጨው ጨመረ። እኔ ያወቅኩት ሳህኖቹ ከወጡ በኋላ ስቀምሰው ነው። ደንግጬ ስወጣ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። አንድም ሳህን ምግብ ተርፎበት አልተመለሰም። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ኤቫሪስቶ ብቻ ውሃውን እየተጎነጨ አባትሽን፣ «ኦሬስቴ፣ ዛሬስ ባሕሩን ነው የቀዳህልን» አለው።

አባትሽም፣ «ሹፌር ደግሞ ስለ ሾርባ ምን ያውቃል?» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ኤቫሪስቶ በየቀኑ ረፋድ ላይ ወጥ ቤት ገብቶ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። «ቤቴ ይበርዳል ኢነስ፣ እዚህ ልሙቅ» ይለኛል። አባትሽ እጁን ወደ ጨው ሲሰድ፣ «ጨምረሃል ወንድሜ» ይለውና ወሬውን ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ጎረቤት ስለሰጠን ሁሌም አመሰግናለሁ።

አባትሽ ስላንቺ ሳያነሳ አይውልም። ትናንት ገበያ ሄዶ ባለ መስመር ደብተርና እርሳስ ገዝቶ መጣ። «የሎሬዳና ነው፤ ነገ ትምህርት ቤት ይከፈታል» አለኝ። እኔም «ደስ ይላታል» ብዬ ተቀበልኩት።

ለነሐሴ ያሰብሽውን ጉዞ ለፋሲካ ብታደርጊው ምን ይመስልሻል? አልጋሽን አንጥፌዋለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ትንሿን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ደህና ሁኑልኝ።

እናትሽ ኢነስ