ሳሎን ውስጥ ያዘጋጀሁት ፒክኒክ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10፣ ምሽት 1፡00

ሁለት ሐብሐብ፣ ሠላሳ እንቁላል፣ አንድ ሰሌን። ሁሉም በአንድ ቦዳቦዳ ሞተር፣ በዚያ ጭቃ። ሞተረኛው እስኪበቃው ሳቀብኝ።

ዝናቡ አላቆመም። የቅዳሜው የናይል ዳር ሽርሽር አበቃለት። ግን አልተወውም። ሦስት ዓመት ጁባ ኖሬ አንድ ቀን ሰው ጠርቼ አላበላሁም። ሶፋውን በረንዳ አወጣለሁ፣ ሳሎን ውስጥ ሰሌን እዘረጋለሁ፣ ጫማ አውልቀን መሬት እንቀመጣለን። ሳንዱች፣ ሳምቡሳ፣ ፍራፍሬ። ሹካ የለም፣ ወግ የለም።

ለሂሩት ነገርኳት። አብራኝ የተከራየችው፣ እንግዳ ሲመጣ ክፍሏን የምትቆልፈው ሂሩት። ትክ ብላ አየችኝና ጋሽ ታደሰንም ጥሪ አለችኝ። የቤ/ክ ሽማግሌያችንን! መሬት ቁጭ ብለው ሳንዱች ሲገምጡ አልታየኝም። እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11፣ 11፡30

ከሥራ ገባሁ። ሆቴሉ ሞልቶ ሪሴፕሽን ላይ ቆሜ ዋልኩ። እግሬ!

በምሳ ሰዓት አዲስ አበባ ደወልኩ። ወንድሜ ዮናስ አነሳ። አባዬን አገናኘኝ ስለው ተኝቷል አለ። በጠራራ ፀሐይ? ጉንፋን ብጤ ነው አለ። የራሱም ድምፅ ጎርነን ብሏል። ጉንፋኑ ተጋብቶበት ይሆናል።

ሂሩት ሳምቡሳ ስትጠቀልል ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርቱ ነው አለች። ሽንኩርቱን የከተፍኩት ግን እኔ ነኝ።

ሰባት ሰው ጠርቻለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12፣ 10፡00 ከሰዓት

በተራ በተራ ልጻፈው።

ስድስት ሰዓት ላይ መጡ። የጠራሁት ሰባት፣ የገባው አሥራ አምስት። ሴቶቹ ጥቁር ሻርፕ። ጋሽ ታደሰ በሙሉ ልብስ። ጫማቸውን አውልቀው ሰሌኑ ላይ ተደረደሩ። ማንም ምግብ አይነካም። እኔ ሞኟ፣ ብሉ እንጂ፣ በሞቴ፣ እያልኩ ሳንዱች አዞራለሁ። ጋሽ ታደሰ አንድ አንሥተው እንደያዙ ቀሩ።

ከዚያ ኛቦል መጣች። ጎረቤቴ፣ ጋምቤላ ያደገችው፣ አማርኛዋ ከኔ የሚሻለው። በሩ ላይ ጥምጥም አለችብኝ።

«ማሌሽ እህቴ፣ አይዞሽ። የአባት ነገር ከባድ ነው።»

«የማን አባት?» አልኳት።

ኛቦል ወደ ሂሩት ዞረች። «አልነገራችኋትም እንዴ?»

ጋሽ ታደሰ ተነሡ። «ልጄ፣ መጀመሪያ እንጸልይ ብለን ነበር…»

ረቡዕ ዐርፏል። ሐሙስ ተቀብሯል። እኔ ገበያ ሐብሐብ በጣቴ እያንኳኳሁ ስመርጥ አባዬ ላይ አፈር ይመለስ ነበር። እዚህ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል።

አልጮህኩም። ቁጭ አልኩ። እንቁላል አንሥቼ ላጥኩና በላሁ። ለምን እንደበላሁ አላውቅም። ሁሉም ያዩኛል። ሁለተኛውን መላጥ ስጀምር ኛቦል እጄን ያዘችኝ። ያኔ ነው የጮህኩት።

እሑድ፣ ሐምሌ 13፣ 3፡00 ጠዋት

ሂሩት ክፍሌ በር ላይ ቆማ አወራች። እንዳትነግረኝ ዮናስ ለምኗት ነው። ሥራ ቦታ ብቻሽን ብትሰሚ ማን ይይዝሽ ነበር አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይን ዓይኔን እያየሽኝ አልኳት። ሁለቱንም ሌሊት አልተኛሁም አለች። አመንኳት። ላናግራት ግን አልቻልኩም።

ዮናስ ደወለ። አለቀስን። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ለሜሮን እንዳትነግሪ። ትንሿ እህታችን ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ብቻዋን ናት፣ ሰው እስኪፈለግላት ደብቂ አለኝ። እኔን!

8፡00 ከሰዓት

ሜሮን የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ዛሬ እረፍቷ ነው። ለአባዬ ሹራብ ልትገዛለት ሱቅ ገብታለች፣ ትልቁን ነው ወይስ መካከለኛውን ትላለች።

«ትልቁን» ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ነበር። እንዴት ቶሎ መጣልኝ! ደንግጬ አጠፋሁት።

8፡40

ለዮናስ አልታዘዝም። ሜሮን በእረፍቷ ቀን የምታርፍበትን ክፍል የምትጋራትን ጓደኛዋን በስልክ አገኘሁ። ሁሉንም ነገርኳት። ሜሮን ክፍል ገብታለች፣ እኔም እየሄድኩ ነው፣ አጠገቧ ስቀመጥ እጽፍልሻለሁ አለች። የምነግራት ግን እኔ ነኝ፣ በራሴ አፍ።

9፡15

ጓደኛዋ «ተቀምጫለሁ» ብላ ጻፈች።

እየደወልኩ ነው። ይጠራል። አነሣችው፣ ከኋላዋ ሙዚቃ ይሰማል። ብዕሬን አስቀምጣለሁ።