ስድስተኛው ቀረጻ

ቅዳሜ

ፍራሹ አሁንም ይወድቃል። ድምፅ እንዲያፍን ግድግዳው ላይ አቁመን በአግዳሚ ወንበር ደገፍነው። ናቲ ድራሙን ሁለቴ እንደመታ ዘጭ አለ። ሦስት ጊዜ አነሳነው። በመጨረሻ ሚስማር መታንለት፤ እማዬ አላየችም።

ናቲ ሐሙስ ሐዋሳ ይሄዳል። ሥራ አግኝቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም። ባንዳችን እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ፓንክ የሚባለውን ፈጣን፣ ጩኸት የበዛበት ሙዚቃ ነው የምንጫወተው፤ እኔ ጊታርና ጩኸት፣ እሱ ድራም። ሦስት ዓመት ስንጫወት አንድ ዘፈን እንኳ ቀርጸን አናውቅም። እስከ ሐሙስ አንድ ካልቀረጽን እንዳልነበርን ነው።

ለራሴ የጻፍኩት ሕግ፦
ሦስት የጊታር ኮርድ ይበቃል።
ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።
አንድ ማይክ መሃል ላይ፣ ሁለታችንም በአንዴ። የተሳሳተው እንደተሳሳተ ይቀመጣል።

እማዬ በበሩ ብቅ ብላ «ይሄ ዘፈን ነው ጠብ?» አለች። ሁለቱም ነው አልኳት።

ከጎረቤት የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ወዲያ በኩል ጋሽ ታደለ ከተኙ ሁለት ወራቸው። ባለቤታቸውን እትዬ ዘነበችን ሄጄ አስፈቀድኩ። «ቀን ቀን ከሆነ ምን ቸገረኝ ልጄ፣ እሱም ዝም ብሎ ጣሪያ ከሚያይ ይስማ» አሉኝ። እየተሻላቸው ነው ተብሎ ነበር።

እሁድ

መጻፍ አልቻልኩም። ግን ልጻፈው።

ከቅዳሴ መልስ ጀመርን። ዘፈኑ «ፎርም ሙሉ» ነው። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ፎርም ይዞ ይመጣል፣ ተሳስተሃል ተብሎ ይመለሳል፣ ሌላ ፎርም ይገዛል። ያንን ነው የምጮኸው።

አምስቴ ተበላሸ። ስድስተኛው ላይ ግን ሁሉም ገጠመ። መጨረሻ ላይ ጩኸቴን ይዤ ስቆይ አንድ ቀጭን ረጅም ድምፅ ከላዩ መጣ። ጊታሩ ወደ ስፒከር ሲጠጋ ራሱ የሚያወጣው ፉጨት መሰለን። ስንት ጊዜ ሞክረን እንቢ ያለን ድምፅ ዛሬ በራሱ መጣልን ብለን ዘለልን። ተቃቀፍን። ናቲ «ሂዊ ጀለሴ፣ በቃ አለቀ!» እያለ የድራሙን ጸናጽል ደጋግሞ መታው።

እማዬ በሩን ከፈተችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። «ጋሽ ታደለ አረፉ» አለች።

ድምፁ የእትዬ ዘነበች ነበር።

ሰኞ

ቀብር። ልደታ ማርያም። ሰው ሁሉ «በሰላም ነው ያረፉት» ይላል። በምን ሰላም? ከግድግዳው ወዲህ እኔ ነበርኩ።

እትዬ ዘነበችን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እግዜር ያጽናዎት ያልኩት መሬት መሬት እያየሁ ነው።

ማክሰኞ

ከአምቦ ዘመድ መጥቷል፣ መኝታ አነሰ። ሚስማሩን ነቅለን ፍራሹን ለቅሶ ቤት ወሰድነው። መስኮቱን የሸፈንበትን ብርድ ልብስም። ስቱዲዮአችን ላይ አሁን የሟች እህት ይተኛሉ።

ድንኳኑ በራችን ላይ ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ብርጭቆ ሳጥብ ዋልኩ። እጄ ሥራ ሲይዝ ትንሽ ይሻለኛል።

ናቲ ድራሙን ፈታትቶ ጫነው። ሌላ ቤት ፈልገን እንደገና እንቅረጽ ብሎ ነበር፤ ለቅሶ ላይ ሆኜ የት እሄዳለሁ? ቀረጻውን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ሌላው ቢቀር የእትዬ ዘነበችን ጩኸት ልቁረጠው ብዬ ነበር፤ አይቆረጥም። አንድ ማይክ ነው፣ የእሳቸውና የእኔ ድምፅ ላይለያይ ተቀላቅሏል። ጎበዝ ነኝ፣ ሕግ አውጥቼ!

ረቡዕ

ሠልስት። ናቲ መጥቶ በላ፣ ከዚያ ቤት ገብተን ተጣላን።

«እንዳለ ይውጣ፣ ፓንክ ማለት እኮ ይሄ ነው፣ እውነተኛ ነገር» አለ።

«እናትህ ብትሆንስ?» አልኩት።

እንደሱ ማለት አልነበረብኝም፤ እናቱን የቀበረው አምና ነው። ሳይሰናበተኝ ወጣ።

ሐሙስ

መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ እሺ አለኝ። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ «የኛ የምንለው ያው አንዱ ዘፈን ብቻ ነው ሂዊ» አለኝ። እስከ ሰፈራችን አብነት በእግሬ ተመለስኩ። ታክሲ ውስጥ ሰው ፊት ማልቀስ ስላልፈለግኩ ነው።

አርብ

ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው።

ቤቱ ጭር ብሏል፣ ዘመዶቹ ሄደዋል። ጋሽ ታደለ ሲያርፉ ምን ስናደርግ እንደነበር፣ ምን እንደመሰለን፣ እንዴት እንደዘለልን፣ ሁሉንም። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። «አሰሚኝ» አሉ። ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ አደረግኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«እኔ ነኝ ይሄ?» አሉ። «ያቺን ሰዓት አላስታውሳትም። ምንም አላስታውስም።»

ማዳመጫውን አውርደው «ሌላዋ የምትጮኸው ማን ናት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«አንቺ ደግሞ ማን ሞቶብሽ ነው?»

ማንም አልሞተብኝም አልኳቸው። ስለ ፎርሙ ላስረዳቸው ጀመርኩና አፈርኩ፤ አለቀስኩ። እሳቸው ናቸው እኔን ያባበሉኝ። የአምስት ቀን ሐዘንተኛ እኔን!

ስወጣ «ልጆቼ እንዳይሰሙት» አሉ።

ቅዳሜ

ለናቲ ደውዬ አይወጣም አልኩት። ክፍሉ ጠባብ እንደሆነ፣ የሐዋሳ ሙቀት እንዳስቸገረው ነገረኝ። ስለ ዘፈኑ አላነሳም። ተቀይሞኛል፣ ድምፁ ላይ አለ።

አልሰረዝኩትም። ስልኬ ውስጥ አለ፣ ስም አልሰጠሁትም። ጊታሩን አቅፌ ሳልነካው ተቀመጥኩ። አዲስ ነገር በጭንቅላቴ መጥቷል፣ ሁለት ኮርድ ብቻ፣ ቃል የለውም። ከናቲ ውጪ ከማን ጋር እንደምጫወተው አላውቅም።

ከሰዓት እትዬ ዘነበች በደጃችን ሲያልፉ ቆሙ።

«ድምፅሽ ጠፋ» አሉኝ።

«አርባቸው እስኪወጣ ነው እትዬ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እስከዚያ ሳትጮኺ እንዴት ትችይዋለሽ?»

እንጃ አልኳቸው። ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ።